ሳምቡሳ መጥበሻ ለመግዛት ላሰባችሁ፦ ኮረንቲ፣ ጋዝ ወይስ ከሰል? መብራት ሲሄድስ?

እኔ የሞተር ሰው ነኝ። ድሬዳዋ ውስጥ ጄኔሬተርና የውሃ ፓምፕ ስጠግን እውላለሁ። አክስቴ ደግሞ የዘይት ሰው ናት። መጋላ ያለው ቤታችን በራፍ ላይ ሳምቡሳ ስትጠብስ እያየሁ ነው ያደግኩት። ረመዳን ሲገባ ሙሸበኩ፣ ከፈሳሽ ሊጥ የሚጠበሰው ጣፋጭ፣ ይጨመራል፤ ሰልፉም ይረዝማል።

አንድ ቀን "አቦ፣ ከሰሉ ዓይኔን ጨረሰው። ማሽን ፈልግልኝ። ብቻ የማይከዳኝ ይሁን" አለችኝ። ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር። እዚሁ ድሬ ያለው ታይዋን ገበያ ገብቼ የመጀመሪያውን ማሽን ሳገላብጥ ግን ነገሩ ከእኔው ሥራ ጋር አንድ መሆኑ ገባኝ። ሞተርም ይሁን የዘይት መጥበሻ፣ ዋናው ጥያቄ እሳቱን የሚቆጣጠረው ማን ነው የሚለው ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው እንደ አክስቴ ግራ ለተጋባ ሰው ነው። ሱቅ ስትገቡ ስንት ሊትር እንደሚይዝና ስንት ዋት እንደሆነ ከመጠየቃችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ሙቀቱ ሲበዛ ምን ያቆመዋል? እሳቱ ቢጠፋ ጋዙን ምን ይዘጋዋል? መብራት ቢሄድስ?

ዘይቱ የሚፈልገው

ሳምቡሳም ድንችም ቦምቦሊኖም ከ170 እስከ 185 ዲግሪ ባለው ዘይት ውስጥ ነው በደንብ የሚጠበሱት። ጥሬው ሳምቡሳ ዘይት ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው ውሃ ወደ እንፋሎት ይለወጥና ወደ ውጭ ይገፋል። የምታዩት አረፋ ያ ነው። እንፋሎቱ እየወጣ እስካለ ድረስ ዘይት አይገባም። ሙቀቱ ሲወርድ ግን ግፊቱ ይደክማል፣ ቅርፊቱም ቶሎ አይደርቅም፣ ሳምቡሳውም ዘይት ይጠጣል።

ይህን በዓይኔ ያየሁት ከጎረቤት ለሙከራ በተዋስነው የኮረንቲ ፍራየር ነው። ማግሪብ ሊደርስ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው መብራት ሄደ። ዘይቱ ውስጥ ሃያ የሚሆኑ ሳምቡሳዎች ነበሩ። መጀመሪያ ድምፁ ቀነሰ። ቀጥሎ አረፋው ጠርዝ ጠርዙ ላይ ብቻ ቀረ። አክስቴ አንዱን አውጥታ ለሁለት ስትሰብረው ዘይቱ በጣቶቿ መሃል አልፎ እስከ አንጓዋ ወረደ። "ይሄ ስፖንጅ ነው" አለችና ሃያውንም ለብቻ አስቀመጠቻቸው፤ ለሰው አልሸጠቻቸውም። ወዲያው ከሰል አቀጣጠለች።

ስለ ከፍታም አንድ ነገር ልበል። ማሽኑ ላይ የተጻፈው የሙቀት መጠን ለባሕር ጠለል አካባቢ የታሰበ ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ውሃ 96 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች፤ እዚያ 94 ዲግሪ ይበቃዋል። ውስጡ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚበስል፣ ዘይቱን በመመሪያው ልክ ካጋላችሁት ውጪው ጠቁሮ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። መመሪያው 185 ካለ፣ ድሬ ላይ 178፣ ሐረር ላይ 175 አካባቢ አድርጋችሁ ጀምሩ። ከዚያ በኋላ ምላሳችሁ ይፍረድ።

ከሰል

ከሰልን አልንቅም፤ ያሳደገኝ እሱ ነው። መብራት አይጠብቅም፣ ወረፋ የለውም፣ ማንም ይጠግነዋል። ላቀች ምድጃ ካላችሁ ከታች ያለችው የአየር በር ትንሽ ትረዳለች። ግን አንድ ጊዜ የጋለ ከሰል በአንዴ አይበርድም። ዘይቱ ጭስ ሲጀምር ያላችሁ ምርጫ ብረት ድስቱን ማንሳት ብቻ ነው። አምስት ሊትር የጋለ ዘይት በጨርቅ ይዞ ማንሳት ደግሞ አደጋ ነው። ዘይቱ ፍም ላይ ከፈሰሰ ይነዳል። በዚያ ላይ ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ያወጣል። በቀን ሠላሳ አርባ ሳምቡሳ ደጅ ላይ ለሚጠብስ ሰው ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

ኮረንቲ

የኮረንቲ ፍራየር በሙቀት ቁጥጥር ረገድ ቆንጆ ነው። ዘይቱ ውስጥ የተነከረች ቀጭን የመዳብ ቱቦ አለች፤ በውስጧ ፈሳሽ አለ። ዘይቱ ሲግል ፈሳሹ ይሰፋና ማብሪያውን ይገፋል፤ ኮረንቲው ይቋረጣል። ሲበርድ መልሶ ያበራል። ይህ ተርሞስታት ነው። ከሱ ሌላ ሁለተኛ ጠባቂ መኖር አለበት፤ ተርሞስታቱ ተጣብቆ ቢቀር፣ ዘይቱ 230 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ሁሉን ነገር የሚቆርጥ። ብዙ ጊዜ ከኋላ ወይም ከታች ትንሽ ቀይ ቁልፍ አለችው። አንዴ ከቆረጠ ቁልፏን በእጅ ካልተጫኗት አይነሳም። እሷ የሌለችበትን ማሽን ስጦታ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ። የምግብ ዘይት ከ300 ዲግሪ ከዘለለ በኋላ ብልጭታ ያገኘ ቀን ይያያዛል።

የኮረንቲ ማሽን ሌላም ጥቅም አለው። የሚግለው ብረት ዘይቱ መሃል ስለሚገባ ከሱ በታች ያለው ዘይት ቀዝቀዝ ይላል። የወደቀው ፍርፋሪ እዚያ ይቀመጣል እንጂ አይቃጠልም። ዘይቱ ቶሎ አይጠቁርም ማለት ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። 8 ሊትር የሚይዝ 3 ኪሎዋት ማሽን በ220 ቮልት 13.6 አምፔር ይስባል። ዘይቱን ከክፍል ሙቀት ወደ 180 ለማድረስ ሩብ ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። አንዱ ብቻውን በ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦና በራሱ ብሬከር ደህና ይሠራል። ግን ጎኑ ላይ የእንጀራ ምጣድ ካለስ? ምጣዱ ብቻውን ከ3.5 ኪሎዋት አያንስም። ሁለት ፍራየርና አንድ ምጣድ ሲደመሩ ከ40 አምፔር ያልፋል፤ ያንን የቤት መስመር አይችለውም። መጀመሪያ የሚግለው ሶኬቱ ነው። ሶኬቱን በእጃችሁ ዳብሱት፤ ከሞቀ አቁሙ። የመሬት ሽቦ መኖሩንም በኤሌክትሪሺያን አረጋግጡ፤ እጃችሁ እርጥብ ነው፣ ማሽኑም ብረት ነው።

በረጅሙ ስናየው የኮረንቲው ጠላት አንድ ነው፦ መብራት መሄድ። ያው እናውቀዋለን።

ጋዝ

እኔ የመረጥኩት ይህን ነው። ግን ሁሉንም ጋዝ ማሽን አይደለም፤ ልዩነቱ ሰፊ ነው።

ታይዋን ገበያ ውስጥ የምታዩት ርካሹ ዓይነት ሳጥን፣ በርነርና አንድ ቧንቧ ብቻ ነው። ቧንቧውን የምታዞሩት እናንተ ናችሁ። ያ ከከሰል ብዙ አይሻልም፤ ጭሱ ብቻ ነው የቀነሰው። እሳቱ ቢጠፋ ጋዙ መፍሰሱን ይቀጥላል። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ላይ በኖ አይጠፋም፤ ወለሉ ላይ ተኝቶ ብልጭታ ይጠብቃል። እዚህ ድሬ ደግሞ ቬንቲሌተር የሌለው ሱቅ የለም። ቬንቲሌተሩ እሳቱን እፍ ብሎ ሲያጠፋው ማንም አያይም።

ደህነኛው ዓይነት ግን ድንቅ ነገር አለው። ከዋናው በርነር አጠገብ ሁልጊዜ የምትነድ ትንሽ እሳት አለች፤ ፓይለት ይሏታል። እሳቷ ጫፉ ላይ የምትነካው የብረት ዘንግ አለ። ዘንጉ ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተበይደው የተሠራ ነው። ሁለት ዓይነት ብረት ተበይዶ ጫፉ ሲግል ትንሽ ኮረንቲ ያመነጫል። አንድ ዘንግ የሚሰጠው 30 ሚሊቮልት ገደማ ነው፤ ትንሽዬዋን ማግኔት ይዞ የጋዙን በር ከፍቶ ለማቆየት ይበቃል። እሳቷ ስትጠፋ ዘንጉ ይበርዳል፣ ኮረንቲው ይሞታል፣ ማግኔቱ ይለቃል፣ ጋዙ ጠቅ ብሎ ይዘጋል። ብዙ ዘንጎች በተርታ ሲያያዙ ደግሞ እስከ 750 ሚሊቮልት ይደርሳሉ። ያ ተርሞስታቱንም ጭምር ያሠራል።

ምን ማለት ነው? ማሽኑ ራሱን የሚቆጣጠርበትን ኮረንቲ ከራሱ እሳት ያገኛል። ሶኬት አይፈልግም። መብራት ሲሄድ አያውቅም፤ 180 ካላችሁት 180 ላይ ይቆያል። ይህን ሲገባኝ ሱቁ ውስጥ ቆሜ ፈገግ አልኩ። ለእኛ ከተማ የተሠራ ነው የሚመስለው። ሻጩን "ያለ ኮረንቲ ተርሞስታቱ ይሠራል?" በሉት። እስፒና ካለው፣ ይህ ዓይነት አይደለም።

አንድ ጥንቃቄ። ከውጭ ከሚመጡት አንዳንዶቹ በቧንቧ ለሚሄድ የከተማ ጋዝ የተሠሩ ናቸው። ያ ጋዝ ሊትር በሊትር ሲነጻጸር ጉልበቱ ከሲሊንደሩ ጋዝ ግማሽም አይሆንም፤ ስለዚህ ጋዙ የሚያልፍበት የናስ ኖዝል ቀዳዳው ሰፊ ነው። በሲሊንደር ስታበሩት እሳቱ ረጅምና ቢጫ ይሆናል፣ ማሽኑን ጥላሸት ያለብሰዋል። ትክክለኛው እሳት ሰማያዊና አጭር ነው። በርቶ ሳታዩት አትክፈሉ።

ኤር ፍራየርና የግፊት መጥበሻ

ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ነው። ኤር ፍራየር ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ2010 ለገበያ ያወጣው ሐሳብ ነው፤ ትንሽ ፎርኖ ውስጥ ኃይለኛ ቬንቲሌተር። ለቤት፣ ለድንችና ለዶሮ ጥሩ ነው። ሳምቡሳም ዘይት ቀብተው ቢያስገቡት ይበላል። ለንግድ ግን ቅርጫቱ አይበቃም። ሙሸበክ ደግሞ ፈሳሽ ሊጥ ስለሆነ አይታሰብም። የግፊት መጥበሻ የዶሮ ዕቃ ነው፤ ሳምቡሳ አይፈልገውም።

ጄኔሬተር ይዞ የኮረንቲ ፍራየር ማሠራትስ?

በሙያዬ በተደጋጋሚ የማየው ስህተት ይህ ነው። ሰውየው 3 ኪሎዋት ፍራየር አለው፤ 3 ኪሎዋት ጄኔሬተር ይገዛል። ቁጥሩ እኩል ነው፤ ምን ችግር አለው ይላል።

ችግሩ አየሩ ነው። ሞተር ከፍታ ላይ ሲወጣ የሚስበው አየር ይሳሳል። በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ይቀንሳል። ድሬ ላይ 3 ኪሎዋቱ 2.6 ገደማ ይሆናል፤ ሐረር ላይ 2.3። በጋዝ ካሠራችሁት ሌላ አሥር በመቶ ይቀነሳል፤ ጋዙ ራሱ የአየሩን ቦታ ስለሚይዝ ነው። የግንቦቱን ሙቀት ገና አልቆጠርኩም። ፍራየሩ ሲበራ ሞተሩ ያቃስታል፣ ቮልቱ ይወርዳል፣ ዘይቱም አይግልም።

ከዚያ የባሰ ደግሞ ብክነቱ ነው። 12.5 ኪሎ ሲሊንደር ውስጥ 160 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ጉልበት አለ። በትንሽ ጄኔሬተር ወደ ኮረንቲ ስትቀይሩት ቢበዛ አርባው ይወጣል። ሌላው በጭስ ማውጫውና በሞተሩ ገላ ይተናል። ያንኑ ሲሊንደር በቀጥታ ጋዝ ፍራየር ላይ ብትሰኩት ሰባ ያህሉ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ያው አንድ ሲሊንደር ነው፤ የሚጠብሰው ግን እጥፍ ሊጠጋ ምንም አይቀረው።

ስለዚህ ጄኔሬተሩ ለአምፖል፣ ለፍሪጅና ለቬንቲሌተር ይሁን። አንድ ኪሎዋት ይበቃል።

ጄኔሬተሩስ ቤንዚን ብቻ ወይስ ቤንዚንም ጋዝም?

እያንዳንዱ ነዳጅ የራሱ የአየር ልክ አለው። አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ ለመንደድ 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል። የሲሊንደር ጋዝ 15.6 ገደማ ይፈልጋል። ኢታኖል 9 ይበቃዋል። ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ደግሞ ቀዳዳው ለአንድ ነዳጅ ተለክቶ የተበሳ ነው። ሌላ ነዳጅ ስትሰጡት ይታነቃል ወይም ይራባል።

መኪኖች ይህን በኮምፒውተር ፈቱት። ብራዚል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ቮልስዋገን ጎል ቤንዚንና ኢታኖል በፈለጉት መጠን ቢቀላቀልበት ይሄዳል። ጭስ ማውጫው ላይ ያለች መርማሪ የተረፈውን ኦክሲጅን ትለካለች፤ ኮምፒውተሩ ከዚያ ተነስቶ ምን ነዳጅ እንደገባ ይገምትና መጠኑን ያስተካክላል። ትናንሽ ጄኔሬተሮች እንዲህ ዓይነት አእምሮ የላቸውም። መፍትሔያቸው ቀለል ያለ ነው፦ ለጋዙ የራሱን መንገድ መስጠት። ጋዙ የሚያልፈው ሞተሩ አየር ሲስብ በሚከፈት ሬጉላተር በኩል ነው። ሞተሩ ከቆመ መሳቡ ያቆማል፣ ሬጉላተሩም ይዘጋል። የፓይለቷን ዘንግ አስታወሳችሁ? ያው ሐሳብ ነው። ሰው ባያይም ራሱን ይዘጋል።

ለዚህ ነው ሰፈር ውስጥ ቱቦ አየር ማጣሪያው ላይ ሰክተው "በጋዝ ቀይሬልሃለሁ" የሚሏችሁን እምቢ በሉ የምለው። ይነሳል፣ ይሠራልም። ሞተሩ ሲጠፋ ግን ጋዙን የሚዘጋው የለም። ከፋብሪካው ለሁለቱም ተብሎ የተሠራውን ግዙ።

ለእኔ የጋዙ ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው። ተጠባባቂ ጄኔሬተር ወራት ቆሞ ይከርማል። ቤንዚን በቆመበት ይበላሻል፤ በእኛ ሙቀት ቀላሉ ክፍሉ ተኖ ሙጫ የመሰለ ነገር ካርቡሬተሩ ውስጥ ይቀራል። ወርክሾፓችን ከሚመጡት "አልነሳ አለ" ከሚባሉት ጄኔሬተሮች አብዛኞቹ በሽታቸው ይህ ነው። ጋዝ ቢቆም አይበላሽም፣ ካንዴላውንም አያጠቁርም። ነዳጅ ማደያ ሰልፍ ሲረዝም በጋዝ፣ ጋዝ ሲጠፋ በቤንዚን ታሳልፋላችሁ። ከቤንዚን ወደ ጋዝ ስትቀይሩ መጀመሪያ የቤንዚኑን ቧንቧ ዝጉና ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረው እስኪያልቅ ጠብቁ። ሁለቱን በአንዴ አትክፈቱ።

የተረፈው ዘይትስ ናፍጣ ሞተር ውስጥ ይገባል?

ወፍጮ ያለው ጎረቤታችን አክስቴን ያገለገለ ዘይቷን ይለምናታል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1900 ፓሪስ በተደረገው ትልቅ ኤግዚቢሽን ላይ አንድ ትንሽ የዲዝል ሞተር በለውዝ ዘይት ሲሠራ ታይቷል፤ ሩዶልፍ ዲዝል ራሱ ኋላ ተናግሮታል። የባቢሌ ለውዝ ያለን ሰዎች ይህን ስንሰማ ደስ ሊለን ይገባል።

ግን ልዩነት አለ። የምግብ ዘይት ከናፍጣ አሥር እጥፍ ያህል ይወፍራል። ካልሞቀ ኢንጀክተሩ በደንብ አይረጨውም። ያልነደደው ጥላሸት ሆኖ ኢንጀክተሩን ይደፍናል፣ የፒስተኑን ፋሻ (ቀለበቱን) ያጣብቃል። ቀስ ብሎ የሚዞር አሮጌ የወፍጮ ሞተር ሊታገሰው ይችላል። በደንብ ተጣርቶ፣ ውሃው ወርዶ፣ እስከ 70 ወይም 80 ዲግሪ ሞቆ መግባት አለበት። በናፍጣ ይነሳል፣ ሲሞቅ ወደ ዘይት ይቀየራል፣ ከመጥፋቱ በፊት ደግሞ ወደ ናፍጣ ይመለሳል። ለዚህ ሁለት ታንከር ያስፈልጋል። የአሁኑ ዘመን መኪና ላይ ግን አትሞክሩት፤ የኢንጀክተሩ ዋጋ ብቻ ብዙ ሳምቡሳ ያስጠብሳል።

ሱቅ ውስጥ የማደርገው

ያን ቀን ተንበርክኬ ፓይለቷን አስለኮስኩ። አንድ ደቂቃ ጠበቅኩና እፍ ብዬ አጠፋኋት። መቁጠር ጀመርኩ። ሻጩ "ምን እያደረግክ ነው?" አለኝ። ሃያ ሰባት ላይ ስደርስ ከጋዙ በር ውስጥ ጠቅ የሚል ድምፅ መጣ። ጆሮዬን ሳስጠጋው ፉጨቱ ቆሟል። ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ ከቆየ አይሆንም። የሱቁ በር ክፍት በሆነበት፣ ሌላ እሳት በሌለበት ብቻ ሞክሩት፤ እጃችሁም ሲሊንደሩ ቧንቧ ላይ ይሁን።

ከዚያ ማፍሰሻ ቧንቧ እንዳለው እዩ። ዘይት በየቀኑ ካላጣራችሁ ምንም ማሽን አያድናችሁም፤ ማፍሰሻ ከሌለ ደግሞ አታጣሩም። ለማሽኑ ልክ የሆነ የብረት ክዳን ይኑራችሁ። ዘይት ቢያያዝ እሳቱን ዘግታችሁ ክዳኑን ትደፉበታላችሁ፤ ውሃ ጨርሶ አይነካውም። ቴርሞሜትር ግዙና ማሽኑ 180 ሲል በእርግጥም 180 መሆኑን ለኩ። የእኛው አሥራ ሁለት ዲግሪ ይዋሽ ነበር፤ ቁልፉ ላይ በማርከር አዲስ ምልክት አደረግንለት።

አክስቴ አሁን የምትጠብሰው ያለ ኮረንቲ በሚሠራው የጋዝ ማሽን ነው። ጎኑ ላይ በሁለቱም ነዳጅ የሚሠራ አንድ ኪሎዋት ጄኔሬተር አለ፤ እሱ የሚቆመው ደጅ ነው፣ ጭሱ ቤት እንዳይገባ። ከሰሉንም አልጣለችውም፤ ቡናው በሱ ነው። ሲሊንደሮቹ ከግድግዳው ጀርባ ፀሐይ በማያገኛቸው በኩል ቀጥ ብለው ቆመዋል። ቱቦውን በየሳምንቱ የሳሙና አረፋ እየቀባሁ አያለሁ። ቬንቲሌተሩ ደግሞ እሳቷን እንዳያገኛት ወደ አክስቴ ጀርባ ዞሯል።